አረንጓዴዋን የነካ ጣት

የሐጂ አብዱልጀሊል አስከሬን ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ሽቶ ተርከፍክፎበት አልቋል። ቃሬዛው ደጃፍ ላይ ቆሟል። የጎንደር አራዳ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ግቢውን ሞልቶ የጁምዓን ሶላት ይጠብቃል። ሁሉም ነገር ተሰናድቶ ሳለ የሟች ልጅ ኢልሃም መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ፖሊስ ሳያየው አባቴ ከዚህ ቤት አይወጣም» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ለሞተ ሰው ቶሎ ወደ አፈሩ መሄድ ክብሩ ነው። ልጅቱ ግን ያን ዕለት ጠዋት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አዘዞ የወረደች፣ አባቷ በሕይወት ሳለ ያልደረሰችለት ናትና የሚገስጻት ጠፋ። ተደወለ።

ኢንስፔክተር ሰብለ ወንጌል ጥሪው ሲደርሳት የልጅ ልጇን የዝማሬን ግንባር እየዳሰሰች ነበር። ሕፃኗ ሌሊቱን ስታስል አድራለች። እናቷ «ሳል ብቻ ነው» ብትልም ለሰብለ ወንጌል ሳል ብቻ የሚባል ነገር የለም። ክፍት በር ስታይ ሌባ፣ የውሃ ባልዲ ስታይ የሚሰጥም ልጅ፣ ዝምታ ስትሰማ የታመመ ሰው የሚታያት ሴት ናት። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «እትዬ ስጋት» ይሏታል። ይበሏት። ጡረታዋ እስኪቃረብ በሥራዋ ያስከበራት ይኸው ስጋቷ ነው፤ የሚሰጋ ሰው ዓይኑ አያርፍም።

ኢልሃም ወደ ጓዳ ወስዳ አስቀመጠቻት።

«ዓይናዲስ ናት የገደለችው» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «የምታስታምመው ልጅ። ትናንት ማታ ወንድሜ ጃቢር አመልክቶ ይዘዋታል። ግን "ሽማግሌ ነው፣ በሽታው ነው" ተብሎ ተድበስብሶ እንዳይቀር ፈራሁ።»

«በምን ገደለቻቸው?»

«በስኳር መርፌው።»

ስልኳን ከፈተች። «አስታማሚ» የሚባል መተግበሪያ ነው። የሁለት ሰው ስም አለበት፤ ስኳር ያለባቸው ሐጂ፣ ደም ግፊት ያለባቸው ሚስታቸው ራቢዓ። በየስማቸው ሥር ትንንሽ ክቦች ተደርድረዋል፤ ቁርስ፣ መርፌ፣ የማታ ልኬት፣ ክኒን። የተደረገው ሲነካ አረንጓዴ ይሆናል፤ ያልተደረገው ጊዜው ሲያልፍ፣ ልኬቱም ከልክ ሲያልፍ ይቀላል። እዚህ ጎንደር መደርደሪያ ላይ በተቀመጠው የቤቱ ስልክ የተነካው፣ አዲስ አበባ ኢልሃም እጅ ላይ ወዲያው ይታያል።

«እኔ ነኝ የጫንኩላቸው። አባቴ አንዴ ሳይበላ ተወግቶ ወድቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣሁ፤ ቁርስ አረንጓዴ ካልሆነ መርፌ አይነሳም። የትናንቱን ይመልከቱ። ቁርስ አረንጓዴ። መርፌ አረንጓዴ። ሐኪሞቹ ግን ስኳሩ ወርዶ ወርዶ አለቀ አሉ። የበላ ሰው እንዲህ የሚሆነው መድኃኒቱ ሲበዛበት ነው። የምትወጋው ደግሞ እሷ ብቻ ናት።»

«ቁርሱን አረንጓዴ ያደረገው ማን ነው?»

ኢልሃም ግራ ገባት። «ከቤቱ ስልክ ነው የተነካው፤ "ቤት" ነው የሚለው። ማንም ቢነካው ምን ለውጥ አለው?»

«እንጃ ልጄ። እንዲያው ሰጋሁ።» ሰብለ ወንጌል ተነሳች። «ሐኪም ቤቱ ደማቸውን ወስዷል። አባትሽን ማቆየት ለእሳቸውም ለእኔም አይረባም። በክብር ይቀበሩ። ከቀብር መልስ የደረስኩበትን እነግራችኋለሁ።»

«ቃልዎ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ቃሬዛው ወጣ። ወንዶቹ ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበሉ ቁልቁል ሲወርዱ ሴቶቹ በር ላይ ቀሩ። ሰብለ ወንጌል ሐጂ የወደቁባትን ክፍል አስከፈተች።

አልጋ፣ የተጠቀለለ መስገጃ፣ ከሶላት በፊት የሚታጠቡበት የውዱእ ማንቆርቆሪያ። ምስማር ላይ ኮታቸው ተሰቅሏል። በአንዱ ኪሱ ውስጥ ሦስት ከረሜላ አገኘች፤ ልጣጫቸው አልተነካም። ስኳር ሲወርድባቸው ቶሎ እንዲልሱት ቤተሰቡ ያስቀመጠላቸው ነው። በሌላው ኪስ መሐረብ ነበር፤ ስትፈታው ተምር ወጣ።

ሰብለ ወንጌል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ከፍታ የራሷን ከረሜላ አየችው። እሷም ስኳር አለባት። መንቀጥቀጡን ታውቀዋለች፤ ላቡን፣ የጉልበቱን መክዳት፣ ሆድ ውስጥ የሚገባውን ባዶ ፍርሃት። በዚያ ሰዓት ሰው አያስብም። እጅ ከአሳብ ቀድሞ ኪስ ይገባል። አንድ ጊዜ እሷ ራሷ ስብሰባ መሐል ከረሜላውን ከነልጣጩ ጎርሳ ሰው ስቆባታል። ታዲያ እኚህ ሰው ምነው እጃቸውን ከለከሉ?

እማማ ራቢዓ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው የባላቸውን መቁጠሪያ፣ ሙስበሃውን፣ በጣታቸው ይዘዋል። ስልኩ ያለበት መደርደሪያ ከራሳቸው በላይ ነው። ከስልኩ አጠገብ በሲኒ ማስቀመጫ ላይ አንድ ነጭ ክኒን አለች።

«አላህ ያጥናዎት፣ እማማ።»

«አሚን ልጄ።»

«ትናንት ጠዋት ቁርስ ላይ አብረዋቸው ነበሩ?»

«እኔ ነኝ ያቀረብኩለት። ዓይናዲስን ወፍጮ ቤት ልኬያት ነበር።»

«ምን ነበር ቁርሱ?»

«እንቁላል በዳቦ።»

«ጨረሱት?»

እማማ ራቢዓ አንዲት የሙስበሃ ፍሬ አሳለፉ። «ሳህኑ ባዶ ነበር።»

ሰብለ ወንጌል ይህን መልስ እንደ ሐሰተኛ ሳንቲም አገላብጣ አየችው። የጠየቀችው ስለ ሰውየው ነው፤ የተመለሰላት ስለ ሳህኑ።

«ስልኩንስ ማን ነካው?»

«እኔ የስልክ ነገር የት አውቄ። ዓይኔም አያይ።»

«ከዚያስ?»

«ለዙህር፣ ለቀትር ሶላት፣ ውዱእ ሊያደርግ ወጣ። ሲመለስ ላብ አጥምቆታል። "ትንሽ ልጋደም" አለኝ። ደከመው ብዬ ተውኩት።» ቆም አሉ። «ደከመው ብዬ፣ ልጄ። ዓይናዲስ ናት ኋላ ገብታ ያገኘችው። ጩኸቷን ነው የሰማሁት። ሐኪም ቤት ደርሶ ነው ያለፈው።»

በዚህ መሐል ስልኩ ቀጭን ዜማ አሰማ። የእማማ ራቢዓ የክኒን ሰዓት መሆኑ ነው። እማማ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ እጃቸውን ወደ ላይ ሰደዱ፤ በአውራ ጣታቸው አንድ ጊዜ ጠረግ፣ አንድ ጊዜ ነካ አደረጉት። ዜማው ተቋረጠ። ክቧ አረንጓዴ ሆነች።

ክኒኗ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

ሰብለ ወንጌል ክኒኗን አየች፤ ቀጥሎ የእማማን አውራ ጣት። 

*

ጣቢያው ውስጥ ሳጅን ልዑልቃል ዓይናዲስን አስወጣት። ቀጭን፣ የደጋ ፀሐይ ጉንጮቿን ያጠቆራት የዳባት ልጅ ናት። ስምንተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ መርፌ አወጋጉን ነርስ ናት ያስተማረቻት። ከመቀመጧ በፊት ጠየቀች።

«ምነው እትዬ፣ ሐጂ ተቀበሩ?»

«አሁን እየተቀበሩ ነው።»

«ሳልሸኛቸው ቀረሁ።» ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«የመርፌውን መጠን ከየት ታውቂዋለሽ?»

«ስልኩ ባለኝ ልክ ነው። በፊት ያነሰ ነበር፤ ሰሞኑን ኢልሃም ከፍ አድርጋ ጻፈችው፣ እኔም ከፍ አደረግሁ። ማታ ይህን ብናገር "በስልክ ታሳብቢያለሽ" አሉኝ።»

«ሐጂ ሲበሉ አይተሻል?»

«ትናንት አላየሁም። ከወፍጮ ስመለስ ክቡ አረንጓዴ ሆኗል፣ ሳህኑም ታጥቦ ተደፍቷል።»

«ማን አጠበው?»

«እማማ ናቸዋ። ሰኞና ሐሙስ ያጥቡልኛል። ወገባቸውን ስለሚያማቸው በሌላው ቀን ዕቃ አይነኩም። በእነዚያ ቀኖች ግን ወፍጮም ገበያም ስለሚልኩኝ፣ አዝነውልኝ ነው እል ነበር።»

«ትናንት ስትነሺ ማዕድ ቤቱ እንዴት ነበር? አስቢ።»

ዓይናዲስ አሰበች። «ፔርሙሱ ትኩስ ሻይ ነበረበት። የገንፎ ድስትም በውሃ ተዘፍዝፎ ነበር። ሌሊት የበሉ ይመስላል። ሁለት ማንኪያ ነበር።»

«ሁለት።»

«ሁለት። ሽማግሌ እንቅልፍ የለው ብዬ ዝም አልኩ።» ከዚያ ድምፅዋ አነሰ። «እትዬ፣ ያስሩኛል? ልጄ ምንዳዬ አባቴ ዘንድ ናት፣ ዳባት። ለፋሲካ እመጣልሻለሁ ብያታለሁ። ታምነኛለች።»

ሰብለ ወንጌል «አይዞሽ» ልትል አፏን ከፍታ ዘጋችው። ያልያዘችውን ነገር መስጠት አትወድም። «እስከ ማታ ታገሺ» አለቻት። ከበሩ ስትወጣ ግን ተመልሳ «ምሳ በልታለች?» ብላ ልዑልቃልን ጠየቀችው።

«አልበላም አለች።»

«አልበላም ስትል ትተዋታለህ እንዴ? ሻይ በዳቦ አስገባላት። ስትበላ ቆመህ እይ።»

*

ከቀብር የተመለሱት ድንኳኑን ሞልተዋል። ሰብለ ወንጌል ጃቢርን ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ጃቢር የአባቱን ጨርቅ ሱቅ የያዘ፣ አፉ ቶሎ የሚቀድመው ሰው ነው።

«መድኃኒቱን ከፋርማሲ የማመጣው እኔ ነኝ» አላት። «ብልቃጡ ሰሞኑን ያለ ጊዜው ያልቃል። ልጅቷ ታበዛለች ማለት ነው።»

«መጠኑ ከፍ ማለቱን አልነገሩህም?»

«ማን ይነግረኛል?»

«እህትህ።»

«እኔና ኢልሃም በዚያ አፕ ተኳርፈናል። "ሰው በስልክ አይታመምም" አልኋት፤ "አንተ ድንጋይ ነህ" አለችኝ። ከስልኬ አጥፍቸዋለሁ።»

«ትናንት ጠዋት የት ነበርክ?»

«ሱቅ ነዋ፣ ከማለዳው። ጎረቤቴ ተክለ ጊዮርጊስ እያሾፈብኝ ነው በሩን የከፈትኩት፤ ይጠይቁት።»

ተክለ ጊዮርጊስ ከጎናቸው ነበር፤ ራሱን ነቀነቀ።

«አባትህ ረመዳንን ይጾሙ ነበር?»

የጃቢር ፊት ተለወጠ። «ሐኪም ከከለከለው ወዲህ አልጾመም። በምትኩ ድሃ ያበላል። ሼኹም "ዑዝር አለህ፣ በሽታህ ምክንያት ይሆንሃል፣ አላህ ከአቅምህ በላይ አልጠየቀህም" ብለውታል። እኛ ስንጾም ምሳ ይቀርብለታል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የሚበላው። እንደ ሌባ።»

«አጥብቀው የሚጾሙ ሰው ነበሩ ማለት ነው።»

«አጥብቀው ብቻ?» ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣ። «በጾም ቀን ገዢ መጥታ "ይህ ቀለም ይለቃል?" ትለዋለች። "እኔ ጾመኛ ነኝ፣ አጥበሽ እይው" ይላታል። "ኧረ አባቴ፣ አይለቅም በላት፣ ገበያው ሄደ" ስለው፣ "ውሸት ጾም ይበላል፤ አንተ ጨርቅህን ሽጥ፣ እኔ ጾሜን አልሸጥም" ይለኛል።»

ተክለ ጊዮርጊስ ነጠላውን ወደ ዓይኑ ወሰደ።

ሰብለ ወንጌል የኢልሃምን ስልክ ተውሳ መነጽሯን አደረገች። ያለፉትን ሳምንታት ወደ ኋላ አገላበጠች። ጠዋቱ ሁሌም አረንጓዴ ነው። የማታው ልኬት ግን አንዳንድ ቀን ቀልቷል፤ ስኳሩ ከፍ ብሏል። የቀላባቸውን ቀኖች አየች። ሰኞ። ሐሙስ። ሰኞ። ከዚያ በታች አንድ መስመር ተጽፏል፤ «የጠዋት መርፌ መጠን በሐኪም ትእዛዝ ጨምሯል፤ በኢልሃም።»

ስልኩን ጭኗ ላይ አኖረችው። ቀኑን ሙሉ ከሰጋችው ሁሉ የባሰው ይህ ነበር። ዕውነቱን ካልተናገረች የዳባቷ ልጅ ወህኒ ትወርዳለች። ከተናገረች ደግሞ አባቷን ዛሬ የቀበረች ልጅ ምን ይዛ ታድራለች?

*

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። እማማ ራቢዓ ከመደርደሪያው ሥር፣ ኢልሃም ከጎናቸው፣ ጃቢር ከመስኮቱ አጠገብ ቆሞ። ልዑልቃል ዓይናዲስን አስገብቶ በር ላይ አቆማት። ኢልሃም ፊቷን አዞረች።

«ቃል ገብቻለሁ፤ ልናገር» አለች ሰብለ ወንጌል። «ስትሰሙ ግን አታቋርጡኝ። እኔም ሁለት ጊዜ የምናገረው ነገር አይደለም።

«ጃቢር፣ አንተ ያየኸው ብልቃጥ ነው። ቀድሞ ማለቁ ዕውነት ነው፤ መጠኑ በመጨመሩ ነው። ዓይናዲስ የታዘዘችውን ወጋች እንጂ ጠብታ አላበዛችም። ኢልሃም፣ አንቺ ያየሽው አረንጓዴ ነው። ቁርሱ ተበልቷል፣ ስለዚህ ጥፋቱ ከመርፌው ነው አልሽ። ክቡ ልክ ከሆነ ነገርሽ ልክ ነው። እኔ ግን ክቡን አላመንኩትም።

«ይህን ተመልከቱ።» ሦስቱን ከረሜላ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። «ከሐጂ ኪስ ነው። እኔም ይህ በሽታ አለብኝ። ሲይዝ ከረሜላ በኪሱ ያለው ሰው አይልስም ማለት ዘበት ነው። ራሳቸውን ስተው ነበር እንዳንል፣ ውዱእ አድርገው ተመልሰዋል፣ "ልጋደም" ብለዋል። አውቀው ነው የተዉት። ሰው ሊሞት እየተንቀጠቀጠ ጣፋጭ በእጁ ይዞ የማይቀምሰው ለምንድን ነው?»

 መሐረቡን ከተምሩ ጋር አኖረችው።

«ይህስ? ቀን የማይበላ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚበላ ተምር። ሻዕባን ነው፤ ረመዳን ሊገባ ነው። ሐጂ ያለፈባቸውን ጾም ሰኞና ሐሙስ እየጾሙ ይመልሱ ነበር፤ ትናንትም ሐሙስ ነበር።»

«አላህ» አለ ጃቢር፣ ቀስ ብሎ። መስኮቱን ያዘ።

«እንግዲህ ጾመኛ ከሆኑ ቁርስ አልበሉም። ካልበሉ አረንጓዴዋ ሐሰት ናት። ማን ነካት? ጃቢር ሱቅ ነበር። ኢልሃም አዲስ አበባ ናት፤ እሷ ብትነካው ስሟ ይወጣ ነበር። ዓይናዲስ ወፍጮ ቤት ነበረች፤ የወፍጮው ባለቤት መስክሯል፣ ስትመለስ ክቡ አረንጓዴ ሆኖ ጠብቋታል። ሐጂ ራሳቸውስ? ልጃቸው ነግሮኛል። በጾም ቀን ስለ ጨርቅ ቀለም እንኳ ያልዋሹ ሰው ናቸው። ነፍሳቸው ስትወጣ ለጾማቸው ከረሜላ ያልቀመሱ ሰው፣ ያን ጾም በውሸት አያስበሉትም። ስለዚህ ውሸቱን ሌላ ሰው ተሸከመላቸው። የሚያውቅ ሰው። የሚወዳቸው ሰው። ሌሊት ተነስቶ የጾመኛውን ምግብ፣ ሱሁር፣ የሚያበስል፣ በእነዚያ ቀኖች ዓይናዲስን ከቤት የሚያርቅ፣ የማያጥበውን ሳህን የሚያጥብ ሰው።»

እማማ ራቢዓ ሙስበሃውን አስቀመጡ።

«አትጨርሺው ልጄ» አሉ። «እኔ ልጨርሰው። ቀን እጄን ስታዪው አየሁሽ።»

«እማዬ?» አለች ኢልሃም።

«"ጾሙን ለመተው ሆዴ አልቆረጠልኝም ራቢዓ" ይለኛል። "ዕድሜዬን ሙሉ ጾሜ፣ በስተርጅና የበላሁ ሆኜ ልቅረብ?" ይለኛል። ማልቀሱን አይቼ አላውቅም ነበር፤ አለቀሰ። እሺ አልኩት። መርፌው ካለፈ ዓይኑ ይጠፋል ብላ ነርሷ አስፈራርታኛለች፤ መርፌ ደግሞ ጾም አይፈታም። ክቡ አረንጓዴ ካልሆነ ዓይናዲስ አትወጋውም። ነካሁት። ቁርሱን ለሰደቃ በደጅ ለምታልፈው እሰጣለሁ። እሱ መንካቴን አያውቅም።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ደግሞ ቀይ ባየሽ ቁጥር ትደውያለሽ፣ ታለቅሻለሽ። እንቅልፍ ይኑርሽ ብዬም ነው። በየጊዜው በሰላም ያፈጥር ነበር። ደህና ነው አልኩ።»

ኢልሃም እናቷን ታያቸዋለች። ቁጣ አልነበረም ፊቷ ላይ። አንድ ነገር ታሰላ ነበር፤ ሰብለ ወንጌል ይህን ስትፈራ ውላለች።

«ከዚህ በፊትም ጾሞ በሰላም ያፈጥር ከነበረ» አለች ኢልሃም፣ «ትናንት ምን ሆነ?»

 እማማ ራቢዓ ስልኩን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። መጠኑን የጨመረችው ኢልሃም መሆኗን የማያውቁ መስለው ነበር። ያውቁታል።

«ሱሁር አልበላም ነበር» አሉ ቶሎ። «ትናንት እኔ ተኝቼ ቀረሁ፣ አልቀሰቀስኩትም። ባዶ ሆዱን ውሎ ነው። የእኔ ጥፋት ነው።»

ዓይናዲስ በሩ ላይ ሆና ቀና አለች፤ ከዚያ መሬት መሬት አየች። ትኩሱን ፔርሙስና ሁለቱን ማንኪያ አስታውሳለች። አልተናገረችም።

ሰብለ ወንጌል ተነስታ እማማ ራቢዓ ፊት ተንበረከከች። እጃቸውን ያዘች። ክኒኗ አሁንም ማስቀመጫው ላይ ናት።

«እማማ» አለች፣ «ይቺንም አረንጓዴ አያድርጓት። አንዷ ሐጂን ወስዳለች።»

እማማ ራቢዓ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ልጄ ኢልሃም፣ ወደ እኔ ተመልከቺ። አባትሽ በሚጾሙበት ቀን ማታ በተምርና በጣፋጭ ያፈጥራሉ፤ ልኬቱ ከፍ ይላል። ያን በሐቅ ይሞሉልሽ ነበር። አንቺ ቀዩን አየሽ፤ ጠዋቱ ግን አረንጓዴ ነው። የሚበላ ሰው ሆኖ ስኳሩ የሚጨምር መሰለሽ። ለሐኪም አሳየሽ፤ ሐኪሙም ባየው ልኬት ፈረደ፣ የጠዋቱን መርፌ ጨመረ። በፊት ባነሰው መጠን ጾሙን ይችሉት ነበር። በጨመረው አልቻሉም።»

«እኔ ነኝ» አለች ኢልሃም።

«አንቺ የሰጡሽን አይተሽ የሚገባውን አደረግሽ። እናትሽ ባላቸውን አላስከፋም ብለው ነካ አደረጉ። አባትሽ ከፈጣሪያቸው መታረቅ ፈለጉ። ዓይናዲስ የታዘዘችውን ወጋች። ከእናንተ መካከል ክፉ ያሰበ ሰው ስፈልግ ውዬ አላገኘሁም። ባገኝ ይቀለኝ ነበር። ለዐቃቤ ሕግም "አደጋ" ብዬ ነው የምጽፈው።»

ኢልሃም ጭንቅላቷን እናቷ ጭን ላይ ጣለች። ድምፅ አልነበረውም ለቅሶዋ፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። እማማ ራቢዓ ፀጉሯን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

ጃቢር ወደ በሩ ሄደ። ዓይናዲስ ፊት ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊይዝ ነበር፤ ክንዱን ያዘችው።

«ተው ጋሼ። እኔም ልብ ማለት ነበረብኝ። ሳህን ታጥቦ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር እኮ።»

«ቤትሽ ነው፤ ግቢ» አላት።

በዚያ ጊዜ ስልኩ ዜማውን አሰማ። የእማማ ራቢዓ የማታ ክኒን ነው። ሁሉም መብረቅ እንደሰማ ሰው ደነገጡ። ኢልሃም ከልማድ የተነሳ ቀና ብላ ስልኩን አነሳች፤ አውራ ጣቷ ክቧ ላይ ደረሰ።

«ቆይ» አሉ እማማ ራቢዓ። «መጀመሪያ ልዋጠው።»

ዓይናዲስ ነጠላዋን አደግድጋ የማታዋን ክኒንና ውሃ በብርጭቆ አመጣች። ማስቀመጫውን አየች። «እማማ፣ የቀኑም እኮ እዚሁ አለ።»

«አለ» አሉ። «አልዋጥሁትም። ቀይ አድርጊው።»

ኢልሃም የቀኑን አረንጓዴ አጠፋች። ከዚያ ጠበቀች። እናቷ የማታዋን ክኒን ምላሳቸው ላይ አኖሩ፣ ውሃውን ተጎነጩ፤ ሁሉም ጉሮሯቸውን ያያሉ፣ ልዑልቃልም ሳይቀር። ሲወርድ ታየ። ያኔ ነካችው።

ሰብለ ወንጌል ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ደጅ ላይ ቆማ ቤቷ ደወለች፤ የዝማሬ ሳል ቀለል ብሏል አሏት። «ቀለል አለ ማለት ምን ማለት ነው? አፏ ዘንድ ስልኩን አድርጊልኝ፣ ራሴ ልስማ» አለች።

ከኋላዋ ሳሎን ውስጥ ስልኩ መደርደሪያው ላይ ተመልሷል። በሐጂ አብዱልጀሊል ስም ሥር ያሉት ክቦች፣ ቁርሱም መርፌውም፣ የዛሬዎቹ ሁሉ ቀልተዋል። ማንም አልነካቸውም።